ሁለቱም እጆችህ የሷ ናቸው

ጠዋቱ እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ነርሷ ተነስታ ተጣጠበች፣ ሻይዋን ቆማ ጠጣች፣ ጫማዋን በር ላይ አደረገች። ግቢ ውስጥ መኪና ሲያጥብ የነበረው የወንድሟ ሹፌር «ላድርስሽ?» ሲላት እንደ ልማዷ «በእግሬ ይሻለኛል» አለችው። ታላቅ ወንድሟ ለቁርስ አልወረደም። እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የጭነት መኪናው በር አፉን መትቶት ከንፈሩ አብጧል። ሰው እንዲያየው አልፈለገም» አለች። ነርሷ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ እንድትይዝለት ነግራት ወጣች።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሰዓቱንና ቀለበቱን ያወልቃል፣ እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ በሩን ይዘጋል። በሩ ከተረሳ ነርሷ ከኮሪደሩ ዳር ሆና «ሙቀት! ሙቀት እየወጣ ነው!» ብላ ስለምትጮህ እናቶቹ ስሟን ትተው ሙቀት ይሏታል። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

ሥራ ተረክባ ሕፃናቱን አንድ በአንድ አየች። ከቀናቸው ቀድመው የመጡ ናቸው። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ጆሯቸው ጠፍጣፋና ለስላሳ ሆኖ ከጭንቅላታቸው ላይ ተለጥፏል። ገና መጥባት ስለማይችሉ የእናታቸው ወተት በቀጭን ቱቦ በአፍንጫቸው ይወርድላቸዋል። መተንፈስም ይረሳሉ። ሙቀት ለአዲስ እናት መጀመሪያ የምትነግራት ይህንን ነው፦ «ስትረሳ አስታውሻት። እግሯን በጣትሽ መታ መታ፣ ጀርባዋን አሸት። ትንፋሿ ይመለሳል።»

በጣም ደካሞቹ የሚተኙት በመስታወት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው። ትንሽ ሲጠነክሩ ወደ ጎን ክፍል ይዛወራሉ። እዚያ ሳጥን የለም፤ ሳጥኑ ሰው ነው። ሕፃኑ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ ለብሶ በእናቱ እርቃን ደረት ላይ ይደረጋል፣ በሰፊ ጨርቅ ይታሰራል፣ በላዩ ላይ ልብስ ይደረብበታል። እናት ወንበር ላይ ደገፍ ብላ እንደዚያው ትውላለች። በዚያ ክፍል የአዋቂን ፊት የሚያይ የለም። የሙቀት ዓይንም የሚሄደው በደረት ከፍታ ነው። የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የከንፈር ቀለም፣ ከፍ ዝቅ የምትል ትንሽ ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ወንበር።

ከእናቶቹ መካከል አንድ ወንድ አለ። ቡጢ ይባላል። የዱቄት ፋብሪካ ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ቀድሞ ቦክሰኛ ነበር፤ ቦክሱ ከቀረም ወዲህ በሰፈሩ ጠብ በተነሳ ቁጥር ስሙ ሳይነሳ አይቀርም። እህቱ ዝናቡ በገባ ሰሞን ያለ ቀኗ ወለደችና በማግሥቱ ሞተች። የልጅቷን አባት ስም ለማንም ሳትናገር ይዛው ሄደች። ቡጢ ከመቃብሩ ቀጥታ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሙቀት ከላይ እስከ ታች አይታው፣ «ይህን ጭቃ ሳትታጠብ አንድ እርምጃ እንዳትገባ» አለችው። ታጥቦ ተመለሰ። ሸሚዙን አስወልቃ ልጅቷን ደረቱ ላይ አሰረችለት። ሚጢጢ ብሎ የጠራት እሱ ነው፤ ሌላ ስም ያወጣላት የለም።

«ሁለቱም እጆችህ የሷ ናቸው» አለችው ያን ቀን። «አንዱ ከመቀመጫዋ ሥር፣ አንዱ ከአንገቷ። ልብስ ላስተካክል፣ ላብ ልጥረግ ማለት የለም። ትከሻህን ቢበላህ እንኳ ለኔ ንገረኝ፤ እኔ አክልሃለሁ።»

ቀልድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን፣ እሷ በአጠገቡ ስታልፍ፣ በሚሸማቀቅ ድምፅ «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትከሻዬን በላኝ» አላት። አከከችለት። መንታዎቿን በአንድ ጨርቅ አስራ ከፊት ለፊት የተቀመጠችው ሴት ያን ጊዜ ነው፣ «እኔንም ጀርባዬን ከበላኝ ሰነበተ። የኔ ግን እንዲህ አያስፈግግም መሰለኝ» ያለችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቡጢ አንገቱን ደፋ። ሙቀት ደግሞ ፊቷ እንደ ጋለ እየተሰማት ወደ ወተቱ ማቀዝቀዣ ሄደች፤ እዚያ ምን ልታደርግ እንደመጣች ግን ጠፋት። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ቀስ በቀስ «አንቺ» ሆነ፤ «አንቺ»ውም ለስለስ አለ።

ያን ጠዋት ቡጢ ሲመጣ ቀና ብሎ አላያትም።

«እንደምን አደሩ፣ ሲስተር» አለ።

«እንደምን አደሩ? ምነው፣ በአንድ ሌሊት አረጀሁብህ?»

እጁን ለመታጠብ ዘረጋ። የቀኝ እጁ የጣት አንጓዎች ተልጠው ደም ረግቶባቸዋል። ሙቀት እጁን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጆንያ ነው።»

«ጆንያ ጥርስ አለው?»

ሙቀት ቁስሉን እያጠበች ሳለ እጇ በድንገት ቆመ። የእናቷ ድምፅ፣ የመኪናው በር፣ ያበጠው ከንፈር በአንድ ጊዜ ትዝ አሏት።

«ወንድሜን መታኸው?»

«ትናንት ፋብሪካ ድረስ መጡ» አለ፤ ዓይኑ ከቧንቧው ላይ አልተነሳም። «‹ለአንድ መድኃኒት አስመጪ ታጭታለች፣ ቀንም ተቆርጧል› አሉኝ። ለታጨች ሴት ክብር መስጠት ያስፈልጋል።»

«ማን አጨኝ? እኔ በሌለሁበት ማን ቀን ቆረጠልኝ? እና አንተ አምነህ ነው ዛሬ ‹እርስዎ› ያደረግከኝ? አንድ ቃል አትጠይቀኝም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ? ጆንያ ተሸካሚ ነኝ። የሰሙት ሁሉ ‹ልክ ነው› የሚሉትን ነገር እንዴት ውሸት ነው ልበል?»

የሙቀት ዓይን እንባ አቀረረ። ንዴቷ ግን እንባዋን ቀደመው።

«ለዚህ ብለህ መታኸው?»

«ለዚህስ ዝም አልኩ፤ ለዚህስ መሬት መሬቱን አየሁ። ኋላ ግን ‹እህትህ ዲቃላ ጥላ ሞተች፣ አንተ ደግሞ ዲቃላዋን ታቅፈህ የሰው ቤት ልትገባ› አለ። ከዚያ ወዲያ እጄን አላውቀውም።»

«አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው! እሱ ትምህርቱን ትቶ እኔን ያስተማረኝ! በሰው ፊት አዋረድከው፤ አሁን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስልሃል?»

«እኔንስ በሰው ፊት አይደል?»

«አንተ ሁልጊዜ መልስህ እጅህ ነው!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ነገ በኔ ትቆጣለህ፣ ከነገ ወዲያ በዚች ልጅ። ስማኝ። ከእንግዲህ ወዲያ እጅህን በሰው ላይ ካነሳህ እዚህ ክፍል አትገባም። እኔንም አታገኘኝም። ማል!»

«ሲስተር...»

«ሲስተር አትበለኝ። ማል!»

ቡጢ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ተደብድቦ ቤቱ የደረሰ ልጅ ይመስል ነበር።

«ካነሳሁ የእህቴ አጥንት ይውጋኝ» አለ።

ፋሻውን ጠቅልላለት ሚጢጢን አመጣች። ደረቱ ላይ አስቀምጣ ጨርቁን ስታስር ቋጠሮውን ከወትሮው አጥብቃ ሳበችው። ቡጢ ሰፊውን የሥራ ካፖርቱን ደረበበት፤ ሁለቱ እጆቹ ከሥሩ ገቡ።

የመንታዎቹ እናት ሙቀትን በአጠገቧ ስታልፍ ቀሚሷን ያዘቻት። «እንዲህ ዓይነቱን ወንድ አታስምዪው፣ እህቴ» አለቻት በሹክሹክታ። «ያደርገዋል።»

ሙቀት ልትስቅ ፈለገች። ሳትስቅ ግን ወደ ቀጣዩ ወንበር አለፈች።

* * *

ወንድሟ የመጣው በጉብኝት ሰዓት ነው። ጥበቃው የነርሷ ወንድም መሆኑን ስለሚያውቅ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈው። ሹፌሩ ከኋላ ከኋላው ይከተላል፤ በጃኬቱ ሥር የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። አልታጠቡም። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ገቡ።

ሙቀት ወተት ልታሞቅ ወጥታ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና በሩ ተከፍቶ አየች፤ እንደ ልማዷ «ሙቀት!» ብላ ለመጮህ አፏን ስትከፍት የወንድሟን ድምፅ ሰማች።

«ተነሳ!»

«ሰውዬ፣ ቀስ በል፤ እዚህ ሕፃናት አሉ» አለ ቡጢ።

«ትናንት ጉልበት ነበረህ፤ ዛሬ እንደ ሴት ወንበር ላይ ተወዘፍክ? እጅህን አውጣ!»

«አላወጣም።»

«ከካፖርቱ ሥር ምን ይዘሃል?»

«ሕፃን ነው።»

ሹፌሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ቢላ ነው የያዘው! እጁን እንደደበቀ ይዩት፣ እብጠቱን ይዩት!»

ሁለቱም እንዲህ ዓይነት ነገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ወንድ ልጅ፣ ያውም ይህ ወንድ፣ ሌላ ሰው የወለደውን ሕፃን በራቁት ደረቱ ያሞቃል ብሎ ማሰብ ከሐሳባቸው አጥር ውጭ ነበር። ትናንት ያዩት ቡጢውን ነው። ዛሬ ደግሞ የሚያዩት የተደበቀ እጅና ያበጠ ካፖርት ነው።

«ወንድም ጋሼ!» ሙቀት ሮጣ ገባች፤ የወተቱ ጠርሙስ ከእጇ ወድቆ በክፍሉ ወለል ላይ ፈሰሰ። «ሕፃን ነው! አትንካው፣ ሕፃን ነው የያዘው!»

ወንድሟ ዞሮ አያት።

«ለሱ ብለሽ በኔ ላይ ትዋሺያለሽ?»

ብረቱን ከሹፌሩ እጅ ነጠቀ።

የመጀመሪያው ምት የቡጢ ትከሻ ላይ አረፈ። ቡጢ ከወንበሩ ተነሳ፤ አነሳሱ የቦክሰኛ ነበር፤ ጉልበቱ እጥፍ፣ አገጩ ወደ ውስጥ። በዚያች ቅጽበት ሁለቱን አንድ ላይ ሊጥላቸው ይችል እንደነበር በክፍሉ ያለ ሁሉ አወቀ። ወንድሟም አውቆ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ቡጢ ግን ወደ ሙቀት አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በቁም ሣጥኑና በማዕዘኑ መካከል ገባ፤ ጎበጠ። ጀርባውን ሰጣቸው።

ብረቱ ጎኑን መታው። ከዚያ ጀርባውን። የአጥንት ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ ከታች በጫማው የጉልበቱን ጀርባ ይረግጠዋል። ቡጢ አልጮኸም። እያንዳንዱ ምት ሲያርፍበት ጆንያ እንደተጫነበት ሰው «እህ» ይላል፤ ክርኖቹ ግን ከጎኑ አልተላቀቁም።

በክፍሉ ውስጥ ያሉት እናቶች በሙሉ ተነስተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። የሁሉም እጅ ታስሯል። መጮህ ብቻ ነው የቀራቸው፤ ጮኹ። የመንታዎቹ እናት ብቻ አልዞረችም።

«አንተ ደንቆሮ! አንተ የማንም አሽከር!» አለችው ሹፌሩን። «እጄ ታሰረ እንጂ እግሬ ታሰረ?» ብላ ቁርጭምጭሚቱን ጠለፈችው። ሹፌሩ በወተቱ ላይ ተንሸራቶ በፊቱ ወደቀ፤ የወንበር ጠርዝ ቅንድቡን ተረተረው፤ ደሙ ከወተቱ ጋር ወለሉ ላይ ተቀላቀለ።

በዚያ ክፍል ነፃ እጅ የነበራት ሙቀት ብቻ ነበረች። የብረት ሳህኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ያሳደጋትን ሰው ፊቱን መታችው። ደግማ መታችው። ትናንት የተከፈተው ከንፈሩ ተቀደደ። እሱ በክንዱ ገፍቶ ጣላት፤ ተነሳችና ብረቱን የያዘበትን አንጓ በጥርሷ ያዘች። የደም ጣዕም አፏን ሞላው። ብረቱ ግን ከእጁ ከመውደቁ በፊት አንድ ጊዜ ተነስቶ ነበር፤ ያረፈውም ከቡጢ ጆሮ በላይ ነው። ድምፁ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ነበር።

ቡጢ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። ካፖርቱ ተከፈተ። ከጨርቁ ጫፍ የብርቱካን ልክ የምታህል ነጭ ኮፍያ ወጣች።

ወንድሟ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ።

«ሕፃን ነው እንዴ?» አለ፤ ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር።

«ሕፃን ነው አልኩህ» አለች ሙቀት። «አልኩህ እኮ፣ ወንድም ጋሼ። አልኩህ።»

ተጠጋችና ኮፍያዋን ገለጥ አደረገች። የሚጢጢ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ጀርባዋ አይነሳም፤ አይወድቅም። ሙቀት በዚያች ሰዓት ወንድሟንም፣ የምትወደውንም ሰው፣ ራሷንም ጠላች።

* * *

ጥበቃዎቹ ሁለቱን ጎትተው ሲወስዷቸው አላየችም። ቋጠሮውን በመቀስ ቆርጣ ሚጢጢን ጠረጴዛው ላይ አደረገቻት። እግሯን መታ መታ አደረገች። ጀርባዋን አሸች። ምንም የለም። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ትልቋ ሲስተር እየሮጠች መጥታ ትንሿን ጭምብል አፍንጫና አፏ ላይ ገጠመች፤ ሙቀት የአየሩን ፊኛ በሁለት ጣቷ ጨመቀች፤ ለቀቀች፤ ጨመቀች። የትንሿ ደረት በሰው እጅ ተነሳ፤ በሰው እጅ ወደቀ። ቡጢ ከወለሉ ላይ ሆኖ «አስታውሷት፣ አስታውሷት» ይላል።

ሚጢጢ አንዴ ስቅ አለች። ከዚያ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ አለቀሰች። መጀመሪያ ምላሷ፣ ቀጥሎ ከንፈሯ ቀላ። እናቶቹ አብረዋት አለቀሱ።

ሰውነቷ ግን ቀዝቅዟል። ማሞቂያ ሳጥኖቹ ሁሉ ተይዘዋል። ቡጢ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ደረቱን ገለጠ።

«ስጪኝ፤ በርዷታል» አለ።

ትልቋ ሲስተር ከጆሮው በላይ ያለውን ቁስል አየች። ትንሽ ቀዳዳ ነበር፤ ብዙም አይደማም። «ራስህን ስተህ ነበር?» አለችው። «አልሳትኩም» አላት። ፋሻ አደረገችለትና፣ «አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውረድ» አለች።

«ትሙቅና እወርዳለሁ።»

«እኔ ልያዛት» አለች ሙቀት። ከንፈሯ ላይ የወንድሟ ደም አለ።

«አንቺ ትንፋሿን ቁጠሪ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።»

አሰረችለት። ትልቋ ሲስተር ወደ ሌሎቹ ሕፃናት ሮጠች። ሙቀት ከፊቱ ተንበረከከች። እንዲህ ያለ ሁኔታ ያለፈባት ሕፃን መተንፈስን ደጋግማ ትረሳለችና፣ ዓይኗን ከሚጢጢ አፍንጫ ላይ አላነሳችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የቡጢ ድምፅ ከበላይዋ ይመጣል።

«እጄን አነሳሁ?»

«አላነሳህም» አለች፤ እንባዋ ጉንጯን አልፎ ሚጢጢ እግር ላይ ጠብ አለ። «አላነሳህም፣ የኔ ጌታ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

«ወንድምሽን መታሽው?»

«መታሁት። ነክሼዋለሁም።»

«ጥሩ ጥርስ ነው ያለሽ» አለ። ከፊት ለፊት የመንታዎቹ እናት እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«አልታጨሁም» አለች ሙቀት። «ስማኝ፤ ማንም አላጨኝም። አንተ ካላጨኸኝ ማንም አያጨኝም። ከዚህ ስትወጡ ሦስታችንም አብረን ነው የምንወጣው። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ።» ከዚያ፣ «እጄን አነሳሁ?»

ደግሞ መስማት ፈልጎ መሰላት። «አላነሳህም» አለችው፣ ቃሉን እንደሚስሙት ነገር አስረዝማ። ሚጢጢ መተንፈስ ረሳች፤ እግሯን መታ አደረገችላት፤ ተመለሰች። የከንፈሯ ቀለም ጥሩ ነው። እግሯ መሞቅ ጀምሯል። ከዚያች ትንሽ ጀርባ በቀር ዓለም ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«እጄን... አነ...» አለ ቡጢ።

«አላነሳህም። እረፍ አሁን።»

አረፈ። ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ከባድ፣ ጥልቅ ማንኮራፋት ነበር። የመንታዎቹ እናት፣ «እንኳን ተኛ። ምን ያህል ቢደክመው ነው! ስሙት እስቲ፣ የወፍጮ ድንጋይ ያህላል እኮ» አለች። ከፍርሃቱ ያልወጡት እናቶች ቀስ ብለው ሳቁ። ሙቀትም ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ልቧ እንዲህ ሰፍቶ አያውቅም ነበር፤ ይህን ማንኮራፋት በየሌሊቱ ስሰማው እኖራለሁ ብላ አሰበች።

ያን ጊዜ ከሚጢጢ አንገት ሥር የነበረው እጅ ተንሸራተተ። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይዝ፣ ከጎኑ ወደቀ። ሌላውም ተከተለው።

ሙቀት ሕፃኗን በመዳፏ ደግፋ፣ በዚያን ሰዓት ሁሉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብላ የሰውየውን ፊት አየች። አፉ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። የዓይኑን ቆብ ገለጠች። በአንዱ ዓይን ውስጥ ያለው ጥቁር ክብ ሰፍቶ፣ ቀለሙን ሁሉ ውጦታል።

ጠራችው። በስሙ ጠራችው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም፤ እናቶቹ ሰምተውት በማያውቁት። የምትችለውን ሁሉ ድምፅ አውጥታ ጠራችው። በክፍሉ ያሉት ሕፃናት ሁሉ አለቀሱ። ከዚያ ድምፅ በኋላ ውስጧ ምንም ድምፅ አልቀረም።

* * *

ጭንቅላት የሚቀድ ሐኪም ያለው በሌላ ሆስፒታል ነው። ቡጢ መንገድ ላይ ሞተ።

የቀብሩ ሳምንት ሳያልፍ እናቷ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ቆማ ተገኘች። ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ወደ ታች ዘቅዝቃ አጣፍታ፣ በአንድ እጇ በሩን ይዛለች።

«ወድቆ ነው በይ» አለች። «ወለሉ ወተት ፈሶበት ነበር አሉ። ተንሸራቶ ነው በይ። ሌላ ምንም አትበይ።»

ሙቀት አንዱን ሕፃን በቱቦ ታበላ ነበር፤ ማብላቷን ቀጠለች።

«ጥርስሽ የገባበት እጁ አመርቅዟል። እህል አይቀምስም። ‹ሕፃን አላየሁም› እያለ ያለቅሳል፤ ሌላ አይናገርም። ያሳደገሽ ነው፣ ልጄ። እኔስ ማን አለኝ?»

«እውነቱን ነው፣ አላየም» አለች ሙቀት። «እኔ ግን ነግሬው ነበር። እሱንም ያንንም እናገራለሁ።»

«በወንድምሽ ላይ?»

«ባየሁት ላይ። በሩን ዝጊው፣ እማዬ። ሙቀት ይወጣል።»

እናቷ ጫማዋን አነሳች። ከዚያ ከውጭ በኩል፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ፣ ዘጋችው። ሙቀት በሩን እያየች ቆየች። እናቷን ሮጣ ብትይዛት ወደደች፤ ሕፃኑን ግን አብልታ አልጨረሰችም።

ሚጢጢን በእነዚያ ቀናት እናቶቹ በየተራ ያዟት። የመንታዎቹ እናት እንኳ ከልጆቿ አንዱን ለሌላ ሰው እየሰጠች፣ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ባለ ዕዳ» እያለች ታቅፋታለች። ክብደቷ ግን ቆመ። ከቀድሞው ይልቅ ደጋግማ መተንፈስ ትረሳ ጀመር።

ዛሬ ሙቀት ሥራ ካስረከበች በኋላ ወደ ቤት አልሄደችም። የምትሄድበት ቤትም የቀድሞው አይደለም፤ ከእናቷ ቤት ልብሷን አውጥታለች። ነጩን ጋዋኗን አወለቀች፣ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ትልቋ ሲስተር ሚጢጢን አምጥታ ደረቷ ላይ አደረገችላት፤ ጨርቁን አሰረችላት። ሙቀት አንድ እጇን ከመቀመጫዋ ሥር፣ አንዱን ከአንገቷ ሥር አደረገች።

ሕፃኗ ጉንጯን አመቻቸች። ጣቶቿን ከፈተች፣ ዘጋች። ወደ ላይ ተሳበች፣ ወደ ጎን ተሳበች፤ ደግማ ከፈተች፣ ዘጋች። የሆነ ነገር ትፈልጋለች። መጀመሪያ ወተት መሰላቸው። አይደለም። ይህች ልጅ የምትተኛው የአጎቷን የደረት ፀጉር ጨብጣ ነበር። አሁን ያ የለም።